የፊት ጡብ፣ የጓሮ ጡብ

«እኛ» ስንል እንደ ጃንሆይ ራሳችንን ማክበራችን እንዳይመስላችሁ፤ እኔና ታናሽ እህቴ ነን። የዛሬውን ነገር ያየነው ሁለታችንም፣ የተጨቃጨቅንበትም ሁለታችንም ስለሆነ «እኔ» ብዬ ብጽፈው በሰላም የምታስተኛኝ አይመስለኝም።

ወደ ገደለው እንግባ። ሰሞኑን አክስታችን አንድ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ በስልክ ላከችልን። ቤቱ ያለው እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሰፎክ በሚባል አውራጃ ነው። ማስታወቂያው «የቪክቶሪያ ዘመን መጀመሪያ የጡብ ገበሬ ቤት፣ የጥንት ይዘቱን ያልለቀቀ» ይላል። ፎቶው ያምራል። አራት መኝታ ክፍሎች ተቆጥረዋል። ከወጥ ቤቱ በላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ግን ከመኝታ አልተቆጠረችም። «ለቢሮ የምትሆን» ተብላለች።

አክስታችን ከማስታወቂያው ሥር አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፦ «የኔ ክፍል ቢሮ ሆነች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስታችን ከ2019 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው፤ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ሂዱ) እዚያ ቤት እያደረች አንዲት እርጅና የተጫናቸውን ሴትዮ ስትንከባከብ ኖራለች። «እማማ» ነበር የምትላቸው። እሳቸውም በአማርኛ ስማቸው እንደዚያ መስሏቸው አቤት ይሉ ነበር። እማማ ባለፈው ዓመት ዐረፉ፤ ልጆቻቸው ቤቱን ለገበያ አወጡት፤ አክስታችንም ሻንጣዋን ይዛ ኢፕስዊች ከተማ ገባች። እኛም ይህን ቤት ሰው ገዝቶ አዲስ ቀለም ሳይቀባው፣ ያየነውን እንጻፍ ተባባልን።

*

መጀመሪያ የሄድነው ለንደን ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ፣ ለፈረንጅ ገና ነው። እናታችን ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ልቧ አላረፈም ነበር። «የገበሬ ቤት ነው የምኖረው» ስትላት፣ «እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳ ከብት ልትጠብቅ ነው እንዴ?» ብላ አልቅሳ ነበር። እኛም ብንሆን ጭቃና ጭድ ሳንጠብቅ አልቀረንም።

ከታክሲው ስንወርድ ሁለታችንም ዝም አልን። ከፊታችን የቆመው ክሬም በመሰለ ፈዛዛ ጡብ የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ በመሐል በመሐሉ የተከፈለ የሚመስል ቤት ነው። በሩ መሐል ላይ፤ በግራና በቀኙ አንዳንድ ትልልቅ መስኮት፤ ላይ ደግሞ ሦስት መስኮት በአንድ መስመር። ሕፃን ልጅ ቤት ሣል ሲባል የሚሥለው ዓይነት። ከበሩ በላይ የድንጋይ ጽሑፍ አለ፦ 1840። ንግሥት ቪክቶሪያ ከነገሠች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር ማለት ነው። እኛ አገር ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ የቋራው ካሳ ቴዎድሮስ ተብሎ ሊነግሥ 15 ዓመት ይቀረዋል።

ፎቶ መነሳት ጀመርን። ወደ በሩ ልንሄድ ስንል አክስታችን ከቤቱ ጎን ብቅ አለች። «በዚያ አይገባም! በዚህ በኩል ኑ።»

«ለምን? ተበላሽቷል?»

«ኧረ አልተበላሸም። በዚያ በር የሚወጣው ሙሽራና አስከሬን ብቻ ነው ይላሉ እማማ።»

በጎን ዞርን። ጉድ ያየነው ያኔ ነው። ቤቱ ማዕዘኑን ሲዞር ቀለሙን ይቀይራል! ክሬሙ ጡብ ማዕዘኑ ላይ ያበቃና ጎኑና ጓሮው በሙሉ ተራ ቀይ ጡብ ነው። ፊት ለፊቱ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከኋላው ግን የቤት ውስጥ ቲሸርቱን እንዳደረገ ሰው። ጣሪያውም እንዲሁ ነው። የፊቱ ተዳፋት ከሩቅ በመጣ ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል፤ የጓሮው ተዳፋት በአካባቢው ቀይ ሸክላ።

እህቴ «ይሄማ ቦሌ ነው» አለች። እውነቷን ነው። መንገድ ዳር ያሉትን ሕንፃዎች በጀርባቸው ዞራችሁ አይታችሁ አታውቁም? ከፊት መስታወት፣ ከኋላ ያልተለሰነ ብሎኬት። እኛ አዲስ አበባ የጀመረች ፋሽን ይመስለን ነበር። ለካ የሰፎክ ገበሬ ቀድሞናል።

*

የእማማ ባለቤት በሕይወት ሳሉ የቤቱን ታሪክ መቆፈር ይወዱ ነበር። ሲሞቱ አንድ ወፍራም ፋይል ትተው ሄደዋል። እማማ ያንን ፋይል ለእንግዳ ማሳየት የሚወዱትን ያህል ሻይ ማቅረብ አይወዱም። ከሁለታችን አንዳችን ጋዜጠኝነት ስለተማረች (ሥራ አግኝታበታለች ወይ አትበሉ) ሦስት ቀን ሙሉ ፋይሉ ላይ ተደፋን። የተማርነውን በአጭሩ እነሆ።

የጡቡ ቀለም ከአፈሩ ነው። ብረት የበዛበት ሸክላ ሲቃጠል ይቀላል፤ ኖራ የበዛበት ሲቃጠል ይነጣል። ሰፎክ ውስጥ ውልፒት የሚባል መንደር በነጭ ጡቡ ስም ነበረው። ነጩ ጡብ ከሩቅ ሲያዩት የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል፤ ድንጋይ ደግሞ የባለርስት ቤት ምልክት ነው። ዋጋው ግን ከቀዩ ይወደዳል። ስለዚህ ገበሬው አስቦ አስቦ፣ መንገደኛ የሚያየውን ነጭ፣ ሠራተኛ የሚያየውን ቀይ አደረገው። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው አደራደርም ለዓይን ነው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አንዱ ጡብ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ እየተፈራረቀ ሄዷል። ጥለት ይመስላል።

ሌላው ጉድ ግብሩ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በአሜሪካ ጦርነት ከተከሰከሰ በኋላ፣ በ1784 ጡብ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ መጀመሪያ በየ1000 ጡብ 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ። ቀረጡ በቁጥር ነዋ! ጡብ ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? ጡቡን አተለቁት። መንግሥትም በ1803 ከልክ ያለፈ ጡብ እጥፍ ይከፍላል አለ። (ነጋዴና ገቢዎች በየትኛውም አገር አንድ ናቸው።) በ1826 ደግሞ ረግረግ ለማድረቂያ የሚሠራ ጡብ ከቀረጥ ነፃ ሆነ፤ ግን ለቤት ግንብ እንዳይውል ላዩ ላይ «ማፋሰሻ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ መታተም ነበረበት። የጡብ ቀረጥ የቀረው በ1850 ነው።

በዚህ ላይ የመስኮት ግብር አለ፤ ከ1696 እስከ 1851። ከ1825 በኋላ ከ8 መስኮት በታች ያለው ቤት ቢማርም፣ የኛ ገበሬ ግን ከዚያ በላይ ነበረው። በዚህ ላይ እስከ 1845 ድረስ የመስታወት ቀረጥ። እንግዲህ ይህ ቤት የተሠራው ግንቡም፣ መስኮቱም፣ መስታወቱም ግብር በሚከፈልበት ዘመን ነው። ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት ቢታገሥ ኖሮ ሦስቱም ይቀሩለት ነበር። ግን ማን ያውቃል? እኛም «ሲሚንቶ ይረክሳል» እያልን ስንት ዓመት ጠበቅን።

በጎን በኩል በጡብ የተደፈነ አንድ መስኮት አለ። እኛ ወዲያው «የግብር ሽሽት!» ብለን ጮኽን። እማማ ሳቁብን። ያ መስኮት ከመጀመሪያውም መስኮት ሆኖ አያውቅም፤ ከጀርባው የጭስ መውጫ አለ። ግንቡ ባዶ እንዳይመስል ለሚዛን ብቻ የተሠራ ሐሰተኛ መስኮት ነው። የተደፈነ ሁሉ ለግብር የተደፈነ አይደለም። ሳያጣሩ አለመጻፍ የሚባለውን ትምህርት አራት ዓመት ተምረን፣ የገባን እዚያ ግንብ ሥር ቆመን ነው።

እውነተኛው የግብር ምልክት ሌላ ቦታ ነበር። በጓሮ፣ ፀሐይ በማያገኘው በሰሜን በኩል፣ ወተት ይናጥባት የነበረች ቀዝቃዛ ክፍል አለች። ከበሯ በላይ በደበዘዘ ቀለም «የወተት ቤት» የሚል ጽሑፍ አለ። ለማን ነው የተጻፈው? ቅቤ የምትንጠው ልጅ የምትሠራበትን ክፍል ለማወቅ ጽሑፍ አያስፈልጋትም። የተጻፈው ለግብር ሰብሳቢው ነው። የወተት ቤትና የአይብ ክፍል መስኮት ከግብር ነፃ ነበር፤ ነፃ የሚሆነው ግን ስሙ በሩ ላይ ከተጻፈ ነው። ልጅቷ ስንት ሺህ ጊዜ በዚያ ጽሑፍ ሥር ገብታ ወጥታለች። አንድም ቀን ለሷ ተብሎ አልተጻፈም።

*

ቤቱ ውስጥ ሁለት ደረጃ አለ። አንደኛው ከፊት ለፊቱ በር ይነሳል፤ ሰፊ ነው፤ መደገፊያው ከመወልወል ብዛት ያበራል። ሁለተኛው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በሩ የቁም ሣጥን ስለሚመስል መጀመሪያ ቀን ሰሐን ልናስቀምጥ ከፍተነዋል። ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ቀጥ ያለ ደረጃ ነው፤ አንድ እግር በሙሉ አያሳርፍም። የሚወስደው ከወጥ ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል ብቻ ነው። አሁን ከዚያች ክፍል ወደ ሌሎቹ መኝታ ቤቶች የሚያስገባ በር አለ፤ ሲሠራ ግን አልነበረም። እዚያ ጋ ድፍን ግንብ ነበር። ማለትም ፎቁ ላይ ሁለት ቤት ነበር፤ የጌቶችና የሠራተኛ። ሠራተኛዋ ጠዋት ለጌቶች የሙቅ ውሃ ልታደርስ ስትል በጠባቡ ወርዳ፣ በሰፊው ትወጣለች።

ይሄ ከጥንት የነበረ ነገር አይደለም፤ የገረመንም እሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ የእንግሊዝ ገበሬ ሠራተኞቹን በዓመት ይቀጥርና በቤቱ ያሳድራቸው ነበር፤ በአንድ ትልቅ ገበታ ይበላሉ። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ገበሬውም አለፈለት። («ገበሬ» ስንል በሬ የሚጠምደውን አታስቡ። መሬቱን ከባለርስት የተከራየ፣ እጁን ጭቃ የማይነካው፣ ሌሎችን የሚያሠራ ሰው ነው።) ከ1815 እስከ 1846 ደግሞ የውጭ እህል እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ዋጋውን ደገፈለት። ገንዘብ ሲመጣ ሳሎን መጣ። ሳሎን ሲመጣ ምንጣፍ፤ ምንጣፍ ሲመጣ ጭቃ የነካ ጫማ አይገባም ተባለ።

ዊልያም ኮበት የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። በ1810 ወታደሮች መገረፋቸውን ተቃውሞ በመጻፉ ሁለት ዓመት ታስሯል፤ ስለዚህ የሙያ አባታችን ነው ማለት እንችላለን። ይህ ሰው በጥቅምት 1825 ራይጌት በሚባል ቦታ የአንድ ገበሬ ቤት ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ደርሶ አይቷል። ያየውን ጻፈ፦ ገበሬና ሠራተኛ አብረው ይበሉበት የነበረው ረጅሙ የኦክ እንጨት ገበታ ከጥቅም ወጥቶ ተቀምጧል፤ በጎን ደግሞ አዲሱ ሳሎን፣ ሶፋው፣ የወይን ብርጭቆው፣ የሠራተኛ መጥሪያ የደወል ገመዱ። የኮበት ንዴት በሶፋው አልነበረም። ገበሬው ሠራተኛውን አብልቶ ከማሳደር በሳምንት ትንሽ ሳንቲም ሰጥቶ ማባረር እንደሚረክስበት ስላወቀ፣ ገበታው ፈረሰ ነው የሚለው።

የኛ ቤት የተሠራው ከዚያ 15 ዓመት በኋላ ነው። ረጅም ገበታ የሚያስቀምጥ ቦታ ከመጀመሪያውም አልታሰበበትም። ወንዶቹ የቀን ሠራተኞች ከግቢ ውጭ በየጎጇቸው ያድራሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ ሥራም ደሞዝም የለም። በ1850 አካባቢ የሰፎክ የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደሞዝ 10 ሽልንግ አይሞላም ነበር። በ1844 በሰፎክና በኖርፎክ የገበሬዎች ክምርና ጎተራ በየሌሊቱ ይቃጠል ጀመር። ክብሪት ገበያ ላይ ከዋለ ገና 17 ዓመቱ ነው፤ ለተራበ ሰው በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ሆነ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ቶማስ ካምቤል ፎስተር የሚባል ዘጋቢ ላከ፤ እሱም እየዞረ ጠይቆ ከእሳቱ ጀርባ ሥራ ማጣትና የማያኖር ደሞዝ እንዳለ ጻፈ።

እንግዲህ ያ ክሬም የመሰለ የፊት ግንብ በዚያ ሰሞን ምን ያህል ያስተኛ እንደነበር አስቡት።

*

ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት ግን ከሁሉም ይልቅ አስቀመጠን። የ1841 የሕዝብ ቆጠራ ቅጂ ነው። ቆጠራው የተካሄደው በጁን 6 ቀን ሌሊት ለነበረ ሰው ሁሉ ነው። ቤቱ ከተሠራ ገና ዓመቱ። ገበሬው አለ፣ ሚስቱ አለች፣ አራት ልጆች አሉ። ከሥር አንድ የሴት ስም አለ፤ ዕድሜ 15፤ ሥራ የሚለው ቦታ ላይ ሁለት ፊደል፦ «ኤፍ ኤስ»። ሴት ሠራተኛ ማለት ነው። ቆጣሪዎቹ በመመሪያ እንደተፈቀደላቸው ያሳጠሩት።

ዕድሜዋም 15 ላይሆን ይችላል። በዚያ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ቤት እንዲጠጋጋ ታዘው ነበር። 15 የተባለችው 16ም፣ 19ም ልትሆን ትችላለች። በዚሁ አውራጃ ተወልዳለች? አዎ። አለቀ። ከአሥር ዓመት በኋላ በተደረገው ቆጠራ ገበሬው ስንት ኤከር እንደሚያርስና ስንት ሰው እንደሚያሠራ በዝርዝር ተጽፏል። ልጅቷ ግን የለችም። በሷ ቦታ ሌላ ልጅ አለች።

ቢሆንም ስሟ አለ። የራሷም የቤተሰቧም። 180 ዓመት አልፎ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች በሻይ ኩባያ አጠገብ አነበቡት።

ያን ሌሊት ሁለታችንም የተኛነው አክስታችን ክፍል ነው፤ እሷ አልጋ ላይ፣ እኛ መሬት ፍራሽ አንጥፈን። ክፍሏ ዝቅተኛ ናት። ጣሪያው ያዘነብላል፤ ቀጥ ብላችሁ የምትቆሙት መሐል ላይ ብቻ ነው። በመስኮቷ የሚታየው ጓሮው፣ የወተት ቤቱ ጣሪያና የባዶ በረት ግንብ ነው። አንደኛው ግድግዳ ላብ እንደያዘው ሰው እርጥብ ነው። ለምን? ቤቱ ሲሠራ ጡቡ የተያያዘው በኖራ ነበር። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግንቡ የጠጣውን ውሃ መልሶ ያስወጣል። በኋላ ዘመን ሰው «ይጠንክር» ብሎ በጓሮ በኩል መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሞላው። ሲሚንቶ አያስተነፍስም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጡቡን እያላላ፣ እየላጠ ወደ ውስጥ ገባ። የፊት ለፊቱን ግንብ ግን በኖራ ነው ያደሱት። ቤቱ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ደረጃ ሁለት። የመስኮት ፍሬም ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል። አክስታችን «ቅርሱ ቤቱ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔን ማሞቂያ ጨምሩልኝ» ብላ ስታስቅ ከረመች።

አልጋዋ አጠገብ ትንሽ ነጭ ማሽን አለች፤ የሕፃናት መከታተያ። ሌላኛዋ ጫፍ እማማ ራስጌ ናት። እማማ ሲያስሉ፣ ሲገላበጡ ይሰማል። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የድሮዎቹ ደወሎች በተርታ ተሰቅለዋል፤ ሽቦዎቻቸው ከተቆረጡ ዘመናት አልፏል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኗ ድምፅ አወጣች። አክስታችን መብራት ሳታበራ፣ ጫማዋን ሳትፈልግ ተነሳች። «እማማ፣ መጣሁ» አለች በአማርኛ። አዲሱን በር አልከፈተችም፤ ያንገጫግጫል፣ ይቀሰቅሳቸዋል። በጠባቡ ወርዳ በሰፊው ወጣች።

እኛ በጨለማ ተያየን።

*

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብናቆመው ጥሩ ነበር። አክስታችንን አሳዝነን፣ የእንግሊዝን ገበሬ ወቅሰን፣ ላይክ ሰብስበን እንተኛ ነበር። ግን ያን ሌሊት እህቴ በሹክሹክታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«እቤታችን የነበረችው ልጅ አባቷ ማን ይባል ነበር?»

ማንን እንዳለች ገባኝ። እኛ ቤት ሰባት ዓመት የሠራችው ልጅ ናት። አጥምቃ ያሳደገችን ማለት ይቻላል፤ ትምህርት ቤት የወሰደችን፣ ጸጉራችንን የሠራችን። የምታድረው ሰርቪስ ነበር። ሰርቪሱን ታውቁታላችሁ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች፣ ቆርቆሮዋ ዝቅ ያለ፣ ከማገዶው ጋር የምትጋራት ክፍል። ዋናው ቤት ከፊት ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ ሰርቪሱ ብሎኬቱ እንደወጣ ነው። የምትበላው እኛ ከበላን በኋላ፣ ወጥ ቤት፣ ዱካ ላይ ነበር። ማንም ክፉ ነገር አላደረጋትም። እናታችን ደግ ናት፤ ለበዓል ልብስ ትገዛላት ነበር። ግን ያኔም ሆነ ዛሬ ገበታ ላይ ያላስቀመጥናት ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ስሟን እዚህ አንጽፈውም። ለመደበቅ አይደለም። የምናውቀው የመጀመሪያ ስሟን ብቻ ነው፤ በግማሽ ስም ልናቆማት አልፈለግንም።

በማግስቱ እናታችን ጋ ደወልን። «እሷማ የጎጃም ልጅ ናት» አለች። የት ጎጃም? «እንጃ… ደላላው ነው ያመጣት።» አባቷስ? ዝም አለች። ዝምታው የስልኩ መቆራረጥ መስሎን «ሃሎ» አልን። «አለሁ» አለች እናታችን። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃት ቀረሁ?»

የ1841ዱ ቆጣሪ በእርሳስ፣ በችኮላ፣ ዕድሜዋን አዛብቶ፣ ሥራዋን በሁለት ፊደል አሳጥሮ ነው የጻፋት። ቢሆንም ከነቤተሰብ ስሟ ጽፏታል። እኛ ከዚያ ቆጣሪ አንሰን ተገኘን። ያን ነጭ ጡብና ቀይ ጡብ እያየን «ይሄማ ቦሌ ነው» ብለን ስንስቅ፣ የሳቅነው በራሳችን ቤት መሆኑን ለማወቅ አንድ ሌሊት ፈጀብን።

*

ከፋይሉ ጋር የመጨረሻውን ቀን ስናሳልፍ አክስታችን አንድ ነገር አጫወተችን። ማርች 21 ቀን 2021 እንግሊዝ አገር የሕዝብ ቆጠራ ነበር። ኮሮና ነው፤ ከቤት መውጣት የለም፤ እዚያ ቤት ያሉት እማማና እሷ ብቻ ናቸው። የእማማ ዓይን ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ቅጹን የሞላችው አክስታችን ናት። የቤቱ ነዋሪ አንድ፣ እማማ። የቤቱ ነዋሪ ሁለት፣ እሷ። ዝምድና የሚል ጥያቄ ሲመጣ «ዝምድና የለም» የሚለውን ነካች። እማማ ከጎኗ ሆነው ምን እንደነካች ጠየቋት። ነገረቻቸው። «ሌላ ምርጫ የለውም?» አሉ። ሌላ የሚሆን አልነበረም።

«የትውልድ አገር ኢትዮጵያ ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን ከነአባቴ» አለችን።

የእንግሊዝ ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ያንን ቤት የሚያጠና ሰው ይኖራል፤ እንደዚህ ዓይነት ቤት የሚያጠና ሰው አያጣም። ፋይሉን ሲገልጥ ከእማማ ስም ሥር አንድ የማያውቀው ዓይነት ስም ያገኛል። ምናልባት የት እንደተኛች ይጠይቃል። ማስታወቂያው «ቢሮ» ስላለ ቦታውን ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ እኛ እዚህ ጽፈነዋል፦ ከወጥ ቤቱ በላይ፣ በጠባቡ ደረጃ።

እማማ ባለፈው ዓመት በፊት ለፊቱ በር ወጡ። ለቀብሩ በሩ ሲከፈት ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር ሦስት ሰው ገፍቶታል። አክስታችንስ በየት ወጣሽ ብለን ጠየቅናት፤ ሻንጣዋን ይዛ የሄደች ቀን።

«በለመድኩት» አለች። «ሻንጣው ግን ደረጃው ላይ አላልፍ ብሎ ሊገድለኝ ነበር።»

የኛዋን ልጅ እየፈለግን ነው። እናታችን የድሮውን ደላላ ስልክ ከአንዲት ጎረቤት አግኝታለች፤ አያነሳም፤ ደጋግማ ትደውላለች። እናንተም እስኪ ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ አንድ ስም ከነአባቱ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።